የመኪና ቦዲ፣ ስስ አየርና የምርት ስም፦ ከሳነቴ አምባ እስከ ድራግ ውድድር

በገሰራ፣ በሮቤም ሆነ በጎባ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው በቅድሚያ የሚጠይቀው «የትኛው ምርት ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከፊዚክስ አንጻር ግን ከእርሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። መኪናው አየሩን የሚሰነጥቀው በምን ዓይነት ቅርጽ ነው? የሚሰነጥቀው አየርስ ምን ያህል እፍግታ አለው? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በባሌ ደጋ መንገዶች ላይ እንመረምራለን፤ ቀጥሎም ምርትን መለወጥ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ከድራግ ውድድር እንማራለን።

የአየር መቋቋም

አንድ መኪና የሚገጥመው የአየር መቋቋም ኃይል በአራት ነገሮች ይወሰናል፤ እነርሱም የአየሩ እፍግታ፣ የመኪናው የፊት ለፊት ስፋት፣ የቅርጹ ሁኔታና ፍጥነቱ ናቸው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የመቋቋም ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው የሞተር ጉልበት ደግሞ ስምንት እጥፍ ያድጋል።

በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በአገር ውስጥ ጋራዦች ቦዲ የሚሠራለትንና ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» የሚለውን አውቶቡስ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የፊት ስፋቱን 5 ካሬ ሜትር፣ የቅርጽ ቁጥሩን 0.7፣ ክብደቱን ከነተሳፋሪው 6 ቶን እናድርገው። ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሮቤ ዙሪያ፣ በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ አየሩ በ830 ኒውተን ገደማ ይቋቋመዋል። ይህን ለማሸነፍ ብቻ 18 ኪሎ ዋት ያስፈልገዋል። አሁን በፖርቶመጋላው ላይ ጆንያ እንጫንበትና የፊት ስፋቱ በ1 ካሬ ሜትር ይጨምር። የቅርጽ ቁጥሩ ባይለወጥ እንኳ መቋቋሙ በ20 በመቶ ያድጋል፤ 18 ኪሎ ዋት የነበረው ወደ 22 ይጠጋል። ልዩነቱን የሚከፍለው የነዳጅ ታንከሩ ነው።

በዳገት ላይ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። 8 በመቶ ዳገት ላይ ያው መኪና በስበት ብቻ 4,700 ኒውተን ገደማ ወደ ኋላ ይጎተታል። በዝግታ ለሚወጣ መኪና የአየሩ ድርሻ ኢምንት ነው። እንግዲያው በሜዳ የሚጎዳን በዋናነት ቅርጽ ሲሆን በዳገት የሚጎዳን ክብደት ነው።

ስስ አየር የሚሰጠውና የሚነሣው

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ በሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በአጠገቡ የሚታየው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው። በ4,000 ሜትር ከፍታ የአየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የአየር መቋቋሙም በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል።

ሾፌሩ ግን ይህን ትርፍ አያየውም። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱ በተመሳሳይ መጠን ይቀንሳል። የጎማ ሰበቃን ወደ ጎን ብንተው፣ በሜዳ ላይ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ብዙም አይለወጥም፤ ትርፉና ኪሳራው ይጣፋል። የመኪናው ክብደት ግን ከአየሩ ጋር አልቀነሰምና ዳገት የመውጣትና ከቆመበት የመፈትለክ አቅሙ ይዳከማል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያንሳል።

ከድራግ ውድድር የምንማረው

ድራግ ሁለት መኪኖች ከቆሙበት ተነሥተው ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው ኤን.ኤች.አር.ኤ የተባለው ማኅበር ይመራዋል። ርቀቱ በልማድ 402 ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ተወዳዳሪ በአደጋ ከሞተ በኋላ ለፈጣኖቹ ክፍሎች ወደ 305 ሜትር አጥሯል።

«ፈኒ ካር» በሚባለው ክፍል መኪኖቹ በሰዓት ከ530 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ለአንድ ዓይነት ቦዲ ይህ በ80 ኪሎ ሜትር ከሚገጥመው መቋቋም 44 እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት ጥቂት የቅርጽ ልዩነት ድልን ሊወስን፣ መኪናውንም ከመሬት ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ቦዲው በማኅበሩ የጸደቀ መሆን አለበት። በውስጡ ያለው ሞተር ግን የምርት ስሙ ምንም ቢሆን በመሠረቱ አንድ ዓይነት ንድፍ ያለው ነው። ዝነኛው ጆን ፎርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከፎርድ ወደ ሸቭሮሌት ሲዛወር ተመልካቹ በዋናነት ያየው የቅርፊት ለውጥ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ያስተምራል። ኤሪካ ኤንደርስ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 «ፕሮ ስቶክ» በተባለው ክፍል በሸቭሮሌት ሻምፒዮና ሆነች። በ2016 ወደ ዶጅ ተዛወረች፤ በዚያ ዓመት አንድም ውድድር አላሸነፈችም። በ2017 ወደ ሸቭሮሌት ተመለሰች። ጥፋቱ የዶጅ ነው እንበልን? መፍረድ አንችልም። በዚያው በ2016 ማኅበሩ የነዳጅ አሰጣጡን ከካርቡሬተር ወደ ኢንጀክሽን ለውጧል፣ የሞተሩንም ዙር ገድቧል። ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲለወጡ ውጤቱን ለአንዱ ብቻ መስጠት ሳይንሳዊ አይደለም።

ማጠቃለያ

«ምርት ለወጥኩና ነዳጅ ቀነሰልኝ» የሚለውንም አባባል በዚሁ ሚዛን መመዘን ይገባናል። ጭነቱ፣ መንገዱ፣ ፍጥነቱና ሾፌሩ ያው ነበሩን? መኪና ከመለወጥ በፊት ቀላል ሙከራ አለ። ታንከሩን ሞልቶ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ በእኩል ክብደት መመላለስ፤ አንድ ጊዜ ጭነቱን በፖርቶመጋላው ላይ፣ ሌላ ጊዜ ያንኑ ጭነት በውስጥ አድርጎ፤ ከዚያም ታንከሩን እንደገና ለመሙላት ያስፈለገውን ሊትር ማነጻጸር። ሙከራው ተደጋግሞ ልዩነቱ ከጸና፣ ምክንያቱ የጭነቱ አቀማመጥ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ከነዳጁ የሚበልጠው ግን ሕይወት ነው። ጣሪያ ላይ የተከመረ ጭነት የክብደት ማዕከሉን ወደ ላይ ያነሣል። ከሳነቴ ቁልቁል በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ መኪናውን የሚያቆመውም የሚገለብጠውም የዚህ ማዕከል ከፍታና ፍጥነቱ እንጂ በግንባሩ ላይ የተለጠፈው ስም አይደለም።