ጥየቃና ጥያቄ



በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መልስ መፈለግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት ነው። እኛ ወጣቶች ከጉባኤ የቀረ አባል ቤት ስንሄድ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ይደባለቁብናል። ገና ከመቀመጣችን «ምነው ጠፋህ? ሦስት እሑድ እኮ ሆነህ!» እንላለን። ልጁ አባቱ ታመውበት ይሆናል፤ ወይም ከሥራ ወጥቶ ለሰው መናገር አፍሮ ይሆናል። በቤተሰቡና በአምስት እንግዳ ፊት ግን ይህን አይናገርም። «አልተመቸኝም ነበር» ብሎ ያልፈዋል፤ እኛም መዝገብ ላይ ምልክት አድርገን እንመለሳለን። በበኩሌ ይህን ስም መጥራት እንጂ ጥየቃ አልለውም። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በሽተኛን መጠየቅ ለእርሱ ለራሱ እንደ ተደረገ ቆጥሮታል፤ እንግዲህ የምንሄደው ለሪፖርት አይደለም።

እስቲ የኢዮብን ወዳጆች እናስብ። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መከራውን ሰምተው ከየአገራቸው መጡ፤ አለቀሱለት፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊትም አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰባክያን አዘውትረው ይነቅፏቸዋል፤ እኔ ግን እስከዚህ ድረስ ከእኛ ይሻላሉ ባይ ነኝ። ከመካከላችን ሰባት ደቂቃ ዝም ብሎ ከሰው ጋር መቀመጥ የሚችል ማን ነው? ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ኢዮብ ኀዘኑን ሲያወጣ እነርሱ የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት ተነሡ፤ በደለኛም አደረጉት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቈጣው በእነርሱ ላይ ነበር።

ወደ እኛ ነገር ስንመለስ፣ ስድስት ሰባት ሆኖ መግባቱ ቢቀርስ? ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱም ልጁ በደንብ የሚያውቀው ይሁን። ብዙ ሆነን ስንገባ እናቱ ቡና ለማፍላት ጉድ ጉድ ይላሉ፤ ስኒ ከጎረቤት ይዋሳሉ፤ ስኳሩም ከየት እንደ መጣ እኛ አናውቅም። ቡናና ስኳር ይዘን ብንሄድ ማንም አይቀየምም። የታመመ ሰው ዘንድ ስብከት አናስረዝም፤ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለን ቶሎ እንነሣ። ለቅሶ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድንኳን ተተክሎ ሳለ ሁላችንም እንጎርፋለን፤ 40ው ከወጣ በኋላ ደጁ ጭር ይላል። ኀዘንተኛዋ ሰው የምትፈልገው ያን ጊዜ ነው፤ ሄዶ ውኃ የሚቀዳላት ቢገኝ እንዴት መልካም ነበር!

ችግር አይተን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መውጣትን ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ነቅፎታል። ዳሩ ግን ያየነውን ጉባኤ ላይ «ጸልዩለት» እያልን መዘርዘርም ሰውን ያዋርዳል። ለንስሐ አባቱ ወይም ለአስተባባሪዎች መንገር የሚያስፈልግ ከሆነ፣ አስቀድመን ፈቃዱን እርሱን እንጠይቀው።