ከፋዩ ሲወድቅ ያልተዘጋ በር

ለጥቁር ወጣቶች ትምህርት ከባሕር ማዶ ስለ ተሰበሰበ ገንዘብ ሲነገር፣ ምስጋናው ብዙውን ጊዜ ለሰጪው ነው። ሰጪውን ያነሣሣው ምን እንደ ሆነ መመርመር ግን ይበልጥ ያስተምራል። ስለዚህ ከአሜሪካ ታሪክ ሁለት ነገሮችን እናነጻጽር። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በኦሃዮ የሚገኘው የኦበርሊን ኮሌጅ በ1833 ተቋቋመ። በ1835 ጥቁር ተማሪዎች ይግቡ አይግቡ በሚል ክርክር የባላደራዎቹ ድምፅ እኩል ለእኩል ቢከፈል፣ ሰብሳቢው ቄስ ጆን ኪፕ በራሳቸው ድምፅ በሩን አስከፈቱ። እርግጥ ነው፣ ይህን ከሚፈልጉትና ገንዘብ ለመስጠት ቃል ከገቡት ዋናው የኒው ዮርኩ ነጋዴ አርተር ታፓን ነበሩ። ይሁን እንጂ በ1837 በደረሰው የገንዘብ ቀውስ የታፓን ንግድ ወደቀ፤ ኮሌጁም በዕዳ ተያዘ። ከፋዩ ሲወድቅ ግን ውሳኔው አብሮ አልወደቀም፤ በሩ እንደ ተከፈተ ቈየ።

በ1839 ኪፕና ዊልያም ዶውዝ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። እንግሊዝ በግዛቶቿ ባርነትን የሚሽረውን ሕግ ያወጣችው በ1833 ስለ ነበረ የባርነት ተቃዋሚዎቹ መንፈስ ገና አልበረደም። ሁለቱ መልእክተኞች የሚያሳዩት ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ጥቁርና ነጭ አብረው የሚማሩበት ቤት ነበራቸው። 30,000 ዶላር ያህል ይዘው ተመለሱ፤ ኮሌጁም ዳነ። በ1844 ጆርጅ ቫሾን ከዚያ በዲግሪ የተመረቁ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ፤ በ1862 ደግሞ ሜሪ ጄን ፓተርሰን ተመረቁ።

ሁለተኛው ታሪክ የፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ከባርነት ያመለጡት ዳግላስ፣ ጥቁር ወጣቶች ከየሙያው መገለላቸውን አይተው በ1853 የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ አሰቡ። በዚያው ዓመት ደራሲዋ ሃሪየት ቢቸር ስቶው ወደ እንግሊዝ ሲሄዱ ለዚሁ ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ተስፋ ተደረገ። ስቶው ግን በኋላ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ትምህርት ቤቱም ሳይቋቋም ቀረ።

የዳግላስ ሐሳብ ደካማ አልነበረም፤ ዕድሉ ግን በአንድ ሰው እጅ ላይ ወደቀ። ኦበርሊንን የረዱት ብዙዎች ናቸው፤ የረዱትም ተሠርቶ ያዩትን ነው። እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ስለ ውጭ እርዳታ ስንከራከር፣ «ማን ይሰጠናል?» ከማለታችን በፊት «ሰጪው ቢቀር የማንተወው የትኛውን ነው?» ብለን እንጠይቅ።