ስለ ወልካ አፈርና ስለ ማዳበሪያ፤ የኤሌክትሪክ ሙል ለእርሻ የሚያደርገው

በአቃቂ ቃሊቲ ሜዳ የተንጣለለው ወልካ የሚባለው ጥቁር አፈር፥ ጤፍና ስንዴ፥ ሽምብራና ምስር የሚያበቅል መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ገበሬው በብዙ ገንዘብ የገዛው ማዳበሪያ፥ አዝመራውን ሳይጠቅም በክረምቱ ውኃ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን ሹማምንትና ባለመሬቶች ሊያውቁት የተገባ ነው።

ማናቸውም ቁስ የተሠራው አቶም ከሚባል ረቂቅ ክፍል ነው። በአቶም ውስጥ ያሉት ፕሮቶንና ኤሌክትሮን፥ ሙል የሚባል የኤሌክትሪክ ጠባይ አላቸው፤ የፕሮቶኑ አዎንታዊ፥ የኤሌክትሮኑ አሉታዊ ይባላል። ቍጥራቸው እኩል ሲሆን አንዱ ሌላውን ያጠፋዋልና ሙል አይታይም። አንዱ ሲበልጥ ግን ያ ነገር ባለሙል ይሆናል፤ ስሙም አዮን ይባላል። ዩሪያ በአፈር ውስጥ ሲለወጥ በመጀመሪያ የሚገኘው አሞኒየም፥ 11 ፕሮቶንና 10 ኤሌክትሮን ስላለው አዎንታዊ ነው። ከዚያም በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ እርሱም 31 ፕሮቶንና 32 ኤሌክትሮን ስላለው አሉታዊ ነው።

የወልካው ሸክላ ራሱ ደግሞ አሉታዊ ነው። ምነው ቢሉ፥ በሸክላው ንጣፍ ውስጥ 3 አዎንታዊ ሙል ያለው አሉሚኒየም በሚቀመጥበት ስፍራ፥ አንዳንድ ጊዜ 2 ብቻ ያለው ማግኒዚየም ገብቶ ይገኛልና፤ ይህ ጕድለት ንጣፉን አሉታዊ ያደርገዋል። ተቃራኒ ሙሎች ይሳሳባሉ፥ ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ወልካው አሞኒየምን እንደ ታማኝ ግምጃ ቤት ይጠብቃል፤ ናይትሬትን ግን አይዝም። ቶማስ ዌይ የሚባል እንግሊዛዊ የእርሻ ኬሚስት፥ አፈር አሞኒያን ይዞ በምትኩ ካልሲየም እንደሚለቅ በ1850 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) አስታውቋል።

ያልተያዘው ናይትሬት ዕጣው ሁለት ነው። ውኃው ወደ ታች ሲሰርግ አብሮ ይወርዳል፤ ማሳው ውኃ ሲቋጥር ደግሞ፥ አየር ባጣው አፈር ያሉት ረቂቃን ነፍሳት ወደ ጋዝ ለውጠው ያበኑታል። በጕድጓድ ውኃ ውስጥ ሲበዛ ሕፃናትን ይጐዳል። የአቃቂ ጕድጓዶችም ለአዲስ አበባ ሕዝብ የመጠጥ ውኃ የሚሰጡ ናቸውና፥ ነገሩ ለገበሬው ብቻ የሚተው አይደለም።

እንግዲህ የሚገባው ሥራ ይህ ነው።

1ኛ፤ ለጤፍና ለስንዴ የሚሰጠው ዩሪያ ሁሉ በዘር ጊዜ ባንድነት አይበተን፤ ተከፍሎ ቀሪው፥ ቡቃያው ሥር ሰዶ ማደግ ሲጀምር ይጨመር።

2ኛ፤ ሰፋፊ መደብና ቦይ ተሠርቶ ውኃው ከማሳው ይጠንፈፍ።

ይህን ሹሙ ክረምት ሳይገባ ለገበሬው ቢያስረዳ፥ ገንዘቡም አዝመራውም ከጥፋት ይድናል።