ኦፓል የተባለው ዕንቍ

አሮን ካህኑ ዐሥራ ሁለት ዕንቍ የተደረደረበት ልብስ በደረቱ ላይ ይለብስ እንደ ነበረ በኦሪት ተጽፎአል። ዮሴፍ የተባለው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ እነዚህን ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች ከዐሥራ ሁለቱ ወሮች ጋራ አመሳሰላቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሰዎች በተወለዱበት ወር ዕንቍ ማጌጥን ልማድ አደረጉ፤ በፈረንጅ ዓመት 1912 የአሜሪካ ጌጥ ነጋዴዎች ተሰብስበው የየወሩን ዕንቍ ወሰኑ። የወሰኑት ሻጮች ናቸውና ትርፋቸውን አልረሱም። ኦፓልም ለፈረንጆች ኦክቶበር ደረሰ፤ ይኸውም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ነው።

ኦፓል እንደ ሌላው ዕንቍ አንድ መልክ ብቻ ያለው አይደለም። በእጅ ይዘው ሲያዞሩት ቀዩ ወደ አረንጓዴ፥ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ድንጋዩ ሲሊካ ከተባለው፥ አሸዋም ከተሠራበት ነገር፥ ዐይን ሊያያቸው ከማይችል ጥቃቅን እንክብሎች የተሠራ ነው። እንክብሎቹ እንደ ተደረደረ እንቍላል በሥርዐት ስለ ተቀመጡ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይከፋፈላል። ይህን ምሥጢር የአውስትራሊያ ሊቃውንት በፈረንጅ ዓመት 1964 ገለጡት።

በጥንት ዘመን ኦፓል እጅግ የተወደደ ነበር። ኖንዮስ የሚባል የሮማ ሹም የኦፓል ቀለበት ነበረው። ኀይለኛው ማርቆስ አንጦንዮስ ቀለበቱን ተመኝቶ ኖንዮስን ሞት ከተፈረደባቸው ሰዎች ጋራ ጻፈው። ኖንዮስ ግን ሀብቱን ኹሉ ትቶ ቀለበቱን ብቻ ይዞ ሸሸ። ታሪኩን የጻፈው ፕሊንዮስ የአንዱን ጭካኔና የሌላውን ግትርነት አይቶ በሁለቱም ተደነቀ።

በኋላ ግን ይህ ዕንቍ በወሬ ተጠላ። በፈረንጅ ዓመት 1829 ዋልተር ስኮት የተባለ የስኮትላንድ ደራሲ አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ በጠጕርዋ ላይ ኦፓል የምታደርግ አንዲት እመቤት ነበረች። በጸሎት ቤት ሳለች የጠበል ነጠብጣብ በዕንቍው ላይ ወደቀ፤ ወዲያው ብርሃኑ ጠፍቶ እንደ ተራ ጠጠር ሆነ። እመቤቲቱም ወደቀች፤ በኋላም በአልጋዋ ላይ ጥቂት ዐመድ ብቻ ተገኘ። ብዙ ሰዎች ይህን አንብበው ኦፓል ክፉ ዕድል ያመጣል አሉ፤ የሚገዛውም ሰው አነሰ። ንግሥት ቪክቶሪያ ወሬውን ንቃ በኦፓል ታጌጥ ነበር፤ ለልጆችዋም ሰጠች። ምራትዋ ንግሥት አሌክሳንድራ ግን ፈራች፤ በፈረንጅ ዓመት 1902 ከቪክቶሪያ የራስ ጌጥ ላይ ኦፓሉን አስነቅላ ሩቢ የተባለውን ቀይ ዕንቍ አስገባችበት።

በ2000 ዓ.ም. በወሎ፥ በደላንታ፥ በወገል ጤና አጠገብ ብዙ ኦፓል ተገኘ። ድንጋዩ የሚገኘው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ፥ በገደሉ ወገብ እንደ መቀነት በተዘረጋ ስስ ንጣፍ ነው። ይህ የወሎ ኦፓል የሚያስገርም ጠባይ አለው። በውሃ ውስጥ ቢያኖሩት እንደ ደረቅ መሬት ውሃውን ይጠጣል፤ ብዙ ጊዜም ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስተዋት ወለል ይላል። አውጥተው በጥላ ቢያስቀምጡት ግን ውሃው ቀስ በቀስ ይተናል፤ ከጥቂት ሰዓት ወይም ከጥቂት ቀን በኋላ ቀለሙ ይመለሳል። እንግዲህ ውሃ የነካው ኦፓል መፍዘዙ እውነት ነው፤ ባለቤቲቱ ግን በዚህ አትታመምም፥ ዐመድም አትሆንም። ጠንቃቃ ሰው ይህን ድንጋይ ዘይት አያስነካውም፤ ያንንም ይጠጣልና። አታላይ ነጋዴ ደግሞ በዚሁ ጠባዩ ተጠቅሞ በቀለም ወይም በጢስ አጥቍሮ፥ ሲፈጠር ጥቍር የነበረ አስመስሎ ይሸጠዋል።

ሆኖም በዚህ ዕንቍ ምክንያት ሰዎች ይሞታሉ። የደላንታ ጐልማሶች እንጀራቸውን ለማግኘት በገደሉ ላይ ጠባብ ዋሻ እየቈፈሩ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ጣራው በእንጨት ካልተደገፈ ዐለቱ ይናዳል፤ ዝናብ ሲያርሰውም የባሰ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. አንዱ ዋሻ ተደርምሶ ወደ 20 የሚሆኑ ቈፋሪዎች በውስጡ ተዘጋባቸው፤ የአገሩም ሰው እነርሱን ለማውጣት ዐለቱን መቈፈር ጀመረ።