በደጋን አጋዘን ለማደን ለምትወጡ ጓደኛሞች

አሜሪካ ውስጥ በደጋን የሚያድን ሰው ብዙውን ጊዜ ዛፍ ላይ ማማ ሰቅሎ ነው የሚጠብቀው። እኔ መሬት ላይ ተቀምጦ ማደንን አብልጬ እወዳለሁ። ከማማ ወድቆ የሚሰበር ሰው ብዙ ነው፤ ማማ የሰቀለ ሰው ደግሞ ንፋሱ ቢዞርበትም ቦታውን መልቀቅ ይከብደዋል። ከመሬት የሚያድን ሰው በርጩማውን አንሥቶ መሄድ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ሦስት አራት ሆናችሁ ለመውጣት ካሰባችሁ ይህን የምነግራችሁ ቨርጂንያን ይዤ ነው፤ በተለይም ከዋሽንግተን ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጉዞ የሚደረስበትን፣ ሸናንዶ ሸለቆ ውስጥ ያለውን የማሳነተን ተራራና የጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን።

ወረቀቱን በጊዜ ጨርሱ። የአዳኝ ትምህርቱ በኢንተርኔት ይወሰዳል፤ ከዚያ የአደን፣ የደጋንና የአጋዘን ፈቃድ፣ በላዩም የብሔራዊ ደኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። የደጋን ወቅት የሚከፈተው በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በእኛ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። የመጀመሪያው ወቅት ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ስለሚዘጋ ጾመ ነቢያት ሳይገባ ትጨርሳላችሁ። እሑድ በሕዝብ መሬት ላይ ማደን ከእ.ኤ.አ. 2022 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ከቤተ አምልኮ ግን 200 ያርድ መራቅ ግድ ነው። ከሸለቆው ማዶ ያለው የሸናንዶ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አደን ፈጽሞ ክልክል ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ እውነተኛ የአጋዘን ሽንትም ቨርጂንያ ውስጥ አይፈቀድም፤ ሌላ ግዛት ያለ ጓደኛ ቢመክራችሁ አትስሙት።

ደጋኑን ባለሙያ በክንዳችሁ ልክ ያስተካክልላችሁ። ልምምዱን ግን ተቀምጣችሁ አድርጉት። ጓሮ ውስጥ ቆሞ የተለማመደ ሰው ጫካ ውስጥ በርጩማ ላይ ሆኖ ሲስብ ክንዱ የሌላ ሰው ክንድ ይሆንበታል። የምትለብሱትን ጃኬት ለብሳችሁ፣ ድንኳን መሰል መደበቂያ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በመስኮቱ እያሾለካችሁ ተለማመዱ። ማነጣጠሪያው የሚቀመጠው ከቀስቱ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ነው፤ ዓይናችሁ በመስኮቱ አጋዘኗን ጥርት አድርጎ እያየ ቀስቱ የመስኮቱን የታች ጠርዝ ሊመታ ይችላል። ይህን ቤታችሁ እወቁት። ርቀቱን በተመለከተ የእኔ ወሰን 20 ያርድ ነው፣ 18 ሜትር ገደማ። ከዚያ በላይ የሚችል ሰው ይኖራል፤ ከመሬት፣ ተቀምጦ፣ ልብ እየመታ ግን 20 ይበቃል።

ቦታ መምረጥ ከባድ አይደለም። የኦክ ፍሬ የረገፈበት፣ ትኩስ በጠጥ ያለበት፣ ወንዱ ቀንዱን ያሸበት የተላጠ ግንድ የሚታይበት መተላለፊያ ፈልጉ፤ ከጀርባችሁ ወፍራም ግንድ ወይም ቁጥቋጦ ይኑር።

ንፋሱ ጋ ግን ቆም በሉ። አጋዘን ያየችውን ቆማ ትመረምራለች፤ የሸተታትን አትመረምርም፣ ትሄዳለች። የእኛ ቤት ዕጣንና የሽንኩርት ቁሌት አያጣውም፤ ስለዚህ የአደን ልብሳችሁን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ ክዳን ባለው ሳጥን ከቤት ውጭ አኑሩት። ይህ ይረዳል እንጂ አያድንም። የሚያድነው ጠረናችሁ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ነው። ለዚህ ከሚሸጠው ዱቄት ይልቅ ሚልክዊድ የሚባለውን ተክል ዘር እመርጣለሁ። መኸር ላይ እንክብሉ ሲፈነዳ ሐር የመሰለ ነጭ ጭገር ይወጣዋል። አንዷን ለቅቃችሁ በዓይን ተከተሏት። ዱቄቱ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይጠፋል፤ ይህቺ ግን ርቃ ስትወርድ፣ ግንድ ዞራ ስትመለስ ትታያለች። ተራራ ላይ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ጠዋት የሠራ መቀመጫ ማታ ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

ብዙ ስትሆኑ ደግሞ የአንዱ ጠረን የሌላውን ቦታ ያበላሻል። ንፋሱ ከምዕራብ የሚመጣ ከሆነ ከሰሜን ወደ ደቡብ በአንድ መስመር ተዘርግታችሁ ተቀመጡ፤ ያኔ የሁላችሁም ጠረን ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ የማንም ፊት አይነካም። ሩቅ የሚቀመጠው ቀድሞ ይግባ፤ የሌላውን መተላለፊያ አቋርጦ ሳይሆን ከኋላ ዞሮ።

በመካከላችሁ ቢያንስ 150 ሜትር ይኑር፤ እያንዳንዱም ቀስት የማይለቅበትን አቅጣጫ መኪናው ዘንድ ሳላችሁ በወረቀት ላይ ሣሉት። ከማማ የተለቀቀ ቀስት ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከመሬት የተለቀቀው ግን ከምድር ጋር ትይዩ ይሄዳል። ከአጋዘኗ በስተጀርባ አፈር ወይም ኮረብታ ካላያችሁ አትልቀቁ። የጠመንጃ ወቅት ከተከፈተ በኋላ የምትወጡ ከሆነ ብርቱካናማውን ልብስ ልበሱ፣ በመደበቂያው ላይም ስቀሉት። የመነሻ ሰዓት ተስማሙ፤ ቀስት ካልተለቀቀ በቀር ከዚያ በፊት ማንም ከቦታው አይነሣ፣ ውሃ ሽንት እንኳ ቢሆን በጠርሙስ።

አጋዘኗ ስትመጣ ደጋኑን የምትስቡት ጭንቅላቷ ከግንድ ጀርባ ሲገባ ነው። ጎኗን ሰጥታ ወይም በመጠኑ ፊቷን ከእናንተ አዙራ ስትቆም፣ በእናንተ በኩል ያለው የፊት እግሯ ወደፊት ሲራመድ፣ ከትከሻው ኋላ ከደረቷ አንድ ሦስተኛ ከፍታ ላይ አነጣጥሩ። ፊት ለፊት ከመጣች ተዉአት። ፊቷን ወደ እናንተ ያዞረች አጋዘን ትከሻዋ ሳንባዋን ይጋርደዋል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ደረጃ ላይ ደረስን። ቀስቱ ከወጣ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

ቀስት እንደ ጥይት አይጥልም፤ የሚገድለው በማድማት ነው። ሳንባዋን የተመታች አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ መቶ ሜትር ያህል ሮጣ ትወድቃለች። ጉበቷን ወይም ሆድ ዕቃዋን የተመታች ግን ብዙም ሳትርቅ ትተኛለች፤ የሚያስነሣት ከሌለ እዚያው ትሞታለች። ካስነሣችኋት ግን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጉልበት አግኝታ ትሄዳለች፤ ደሙም ስለሚቆም ዱካዋ ይጠፋል። እንስሳ አቁስሎ ማጣት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ነገር ነው፤ ሥጋው መባከኑ ብቻ ሳይሆን ፍጥረቷ በከንቱ ትሠቃያለች። ብቻውን የሚያድን ሰው ራሱን ብቻ ይገታል። ከጓደኛ ጋር ሲሆን ግን ስልክ ይደወላል፣ አንዱ ከዚህ ሌላው ከዚያ ይመጣል፣ ደስታው ያጣድፋል፤ የደም ጠብታዋ በስምንት ጫማ ተረግጣ ትጠፋለች።

በእኛ መካከል የሚያጣድፍ ሌላም ምክንያት አለ፦ «ሳትሞት ደርሰን በስመ አብ ብለን እንረዳት» የሚል። አሳቡን አከብረዋለሁ። ነገሩን ግን በአእምሯችሁ አስሉት። በደንብ ከተመታች እናንተ ሳትደርሱ ሞታለች፤ ሩጫችሁ አይቀድማትም። ክፉኛ ከተመታችም ሩጫችሁን ሰምታ ተነሥታ ትሄዳለች። በሁለቱም መንገድ ቢላዋው አይደርስም። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ጫካ ውስጥ አትወስኑት። ኦርቶዶክስ የሆነ ከመውጣቱ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት፤ በተነገረው መሠረት የማይበላ ከሆነ ድርሻውን ለሌላው ይተው፣ ያም ካልሆነ አደኑ ይቅርበት። ሙስሊም ጓደኛችሁ ቀስቱን ሲለቅ ቢስሚላህ ይላል፤ በሕይወት ካገኛት ደግሞ ያርዳታል። ሁሉም አቋሙን ይዞ ከመጣ ጫካ ውስጥ የሚያከራክር ነገር አይኖርም።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? ቀስቱን የለቀቀው ሰው ባለበት ይቀመጥ። አጋዘኗ የቆመችበትን ቦታ፣ መጨረሻ ያለፈችበትን ዛፍ በዓይኑ ይያዝ፤ ጆሮውንም ይስጥ፣ ስትወድቅ የምታሰማው የቅጠል ኮሽታ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ለጓደኞቹ አንድ መልእክት ይላክና ሰዓቱን ይመልከት። ከሠላሳ ደቂቃ በፊት ማንም አይንቀሳቀስ። ከዚያ እሱ ብቻውን ቀስ ብሎ ሄዶ ቀስቱን ይፈልግ።

የሚነግራችሁ ቀስቱ ነው። ደማቅ፣ ሮዝ መሳይና አረፋ ያለው ደም ከሆነ ሳንባ ነው፤ ጓደኞቻችሁን ጥሩና ተከተሉ። ጠቆር ያለ ቀይ ከሆነ ጉበት ነው፤ ቢያንስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቁ። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነገር ካለበትና ከሸተተ ሆድ ዕቃ ነው፤ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ቀስቱን ወደ አፍንጫችሁ አስጠጉት፤ ዓይን የሚያልፈውን ሽታው ይናገራል። የምታመነቱ ከሆነ የባሰውን አስባችሁ ረጅሙን ጠብቁ፤ በመጣችሁበት ዱካ ወደ መኪናው ተመልሳችሁ ምሳ ብሉ። ቀኑ ሞቃት ከሆነ ሥጋው ሊበላሽ ይችላል የሚል ስጋት ይመጣል፤ እውነት ነው፣ ሊበላሽ ይችላል። ግን ያልተገኘች አጋዘን ሥጋ ሁሉም የባከነ ነው።

ስትከተሉ ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ የመጨረሻው ጠብታ ላይ ቆሞ ይጠብቅ፣ ሌላው ቀጣዩን ይፈልግ፤ የቀሩት ከኋላ ይቁሙ። በየጠብታው ላይ ነጭ ሶፍት አኑሩ፤ ዱካው ሲጠፋባችሁ ወደ ኋላ ዞራችሁ ስታዩ መስመሩ አቅጣጫዋን ያሳያችኋል። ደሙን ሳትረግጡ ከጎኑ ሂዱ። ጨርሶ ከጠፋ በገመድ የተያዘ የዱካ ውሻ ያለው ሰው መጥራት ቨርጂንያ ውስጥ የተፈቀደ ነው። ወደ ግለሰብ መሬት ከገባች ደግሞ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ። ሶፍቱን ስትመለሱ ልቀሙ።

ካገኛችኋት በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው፤ በግ ያረደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጓንት አድርጉ፣ ሆድ ዕቃውንና ፊኛውን ሳትወጉ አውጡ፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት አስመዝግቡ፣ በረዶ ይዛችሁ ሥጋውን ቶሎ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አውርዱት። አንድ ጥብቅ ነገር ግን አለ። ሸናንዶና ዋረን ካውንቲን ጨምሮ በዚህ አካባቢ የአጋዘን አንጎል የሚበላ ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባል በሽታ አለ። ሰው መያዙ እስካሁን አልተረጋገጠም፤ ምግብ ማብሰል ግን አያጠፋውም፣ የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከልም የተገኘበትን ሥጋ አትብሉ ይላል። ጭንቅላቱን ለምርመራ ስጡ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ አንጎልና አከርካሪ አትንኩ። ሙሉ በድኑን ከአካባቢው ይዞ መውጣትም ገደብ አለው፤ የተበለተ ሥጋ አጥንት ሳይኖረው መጫን ይቀላል።

መሬት ላይ መቀመጥ መዥገር ያመጣል። ልብሳችሁ ላይ ቀደም ብላችሁ ፐርሜትሪን ርጩ፤ ቤት ስትገቡ ብብትና ጉልበት ሥር ፈትሹ። ሎን ስታር የሚባለው መዥገር ነክሶ ለቀይ ሥጋ አለርጂ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህን ከመዥገሩ ጋር ያያያዙት የቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ክትፎና ጥብስ ለሚወድ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ሥጋውን እንደ ቅርጫ ተካፈሉት፤ መደቡን ግን ከአደኑ በፊት ተስማሙ፣ የገደለው ሰው ተጨማሪ ይውሰድ ወይስ እኩል የሚለውን ጭምር። እኔ እኩልን እመርጣለሁ፤ አምስት ሰዓት ዝም ብሎ የተቀመጠውም አድኗል። ከመካከለኛ እንስት ከ15 እስከ 20 ኪሎ አጥንት የሌለው ሥጋ ይገኛል። ጥሬውን ግን አትብሉ፤ ክትፎም ለብለብም አትሥሩበት። የዱር ሥጋ ቶክሶፕላዝማና ኢ ኮላይ ሊኖርበት ይችላል፤ ፍሪዘር ኢ ኮላይን አይገድልም። የተፈጨውን 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ አብስሉት። ሞራው አፍ ላይ ስለሚጋግር ሙሉ በሙሉ ገፍፋችሁ ጣሉት፣ በቅቤ ተኩት፤ በደቃቁ ከትፋችሁ በጥብስ ቅጠል፣ በኃይለኛ እሳት አብስሉት። ለቋንጣም ተስማሚ ነው፤ ጮማ የለውም። ከመስቀላችሁ በፊት ግን ዝልዝሉን ኦቨን ውስጥ እዚያው 71 ዲግሪ ድረስ አሙቁት። የተረፋችሁን ሃንተርስ ፎር ዘ ሃንግሪ የሚባለው የቨርጂንያ ድርጅት ተቀብሎ ለተቸገሩ ያከፋፍላል፤ ተቀባይ ሥጋ ቤቶቹን ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ጠይቃችሁ እወቁ።