ሱቅንና ቤትን ለይቶ ስለ ማስተዳደር፤ ከአንድ ነጋዴ አባት ሕይወት የተገኘ ትምህርት

ነጋዴ በሞተ ጊዜ ስለ ደግነቱና ስለ ለጋስነቱ ብዙ ይነገራል። ነገር ግን ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፥ ሟቹ ለቤተ ሰቡ የነበረው ፍቅር ምን ያህል እንደ ነበረ የሚመሰክረው የሒሳብ መዝገቡ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ጸሐፊያቸው ሆኜ ያገለገልኋቸው አሠሪዬ በ2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ኑሯቸው በችርቻሮም ሆነ በጅምላ ለሚነግዱ፥ ዕቃ ለሚያስመጡና ለሚልኩ ሁሉ ትምህርት ይሆናል ብዬ ስላመንሁ ይህን ጽሑፍ አቀርባለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ የሚወዱ ሰው ስላልነበሩ፥ በሱቁ ሁላችን እንጠራቸው እንደ ነበረ ጋሼ እያልሁ እጽፋለሁ።

ጋሼ በ14 ዓመታቸው ከገጠር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በመርካቶ የጨርቅ ተሸካሚ፥ ቀጥሎም የሱቅ አሻሻጭ ሆኑ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከዕቁብ በደረሳቸው ገንዘብ የራሳቸውን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈቱ። ሱቁ ጠባብ ስለ ነበረ ከባንኮኒው በስተ ኋላ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን መቆም አይችሉም ነበር። በዚህ ሱቅ ገቢ ከባለቤታቸው ጋር አምስት ልጆች አሳደጉ። ገበያው ምንም ቢደራ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ሱቁን ዘግተው ከቤተ ሰባቸው ጋር ራት ይቀርቡ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቻቸው ተራ በተራ ወደ ሱቅ እየመጡ፥ ጋሼ ዕቃውን ሲቆጥሩ አንዱ ስሙን ያነባል፥ ሌላው ይጽፋል። «ልጆቼ የሚበሉት እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት የሱቅን ገንዘብ ከቤት ገንዘብ መለየት ነው። ጋሼ እንደ እኛ እንደ ሠራተኞቻቸው በየወሩ መጨረሻ ደመወዝ ተቀብለው በመዝገብ ላይ ይፈርሙ ነበር። አዲስ የተቀጠረ ሰው «ባለቤቱ ከገዛ ሣጥኑ ገንዘብ ሲወስድ ስለ ምን ይፈርማል?» እያለ ይደነቃል። ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ሱቅ በቀን የ10,000 ብር ዕቃ ሸጠ እንበል። ዕቃው የተገዛበት ዋጋ 8,500 ብር ከሆነ፥ ትርፍ መስሎ የሚታየው 1,500 ብር ነው። ከዚህም ላይ የሱቅ ኪራይ፥ የሠራተኛ ደመወዝ፥ የማጓጓዣ ዋጋና ግብር ሲነሣ የሚተርፈው ምናልባት 600 ብር ይሆናል። በዚያን ዕለት ለቤቱ ወጪ 1,000 ብር ከሣጥን ያነሣ ነጋዴ፥ 400 ብሩን የወሰደው ከትርፉ ሳይሆን ከዋና ገንዘቡ ነው። ልጆቹን የሚያበላ ይመስለዋል እንጂ፥ የሚያበላቸው የነገ እንጀራቸውን ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የተሸጠውን ዕቃ የሚተካበትን ዋጋ አስቀድሞ ማሰብ ነው። በመስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. የአንድ የአሜሪካ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ከፍ ባለ ጊዜ የሆነውን ጋሼ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ሌላው ወጪ ሳይታሰብ፥ በአንድ ዶላር የተገዛውን ዕቃ በ3 ብር የሸጠ ነጋዴ 93 ሳንቲም ያተረፈ ይመስለዋል። ያንኑ ዕቃ መልሶ ለማስመጣት ግን 5 ብር ስለሚያስፈልገው መደርደሪያው እየሳሳ ይሄዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም፥ ጋሼ ታመው በቤታቸው ሳሉ ስልክ ደውለው፥ ዕቃው ከተገዛበት ዋጋ አጠገብ መተኪያ ዋጋውን እንድጽፍ አዘዙኝ። «ትርፍ የሚባለው መደርደሪያው ከሞላ በኋላ የሚቀረው ነው» አሉኝ።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ዱቤ ነው። ጋሼ ለደንበኞቻቸው ዱቤ ይሰጡ ነበር። ነገር ግን ተቀባዩ የወንድማቸው ልጅ እንኳ ቢሆን፥ ቀኑ፥ የዕቃው ዓይነት፥ ዋጋውና የመክፈያው ጊዜ በሁለት ቅጂ ተጽፎ ሁለቱም ወገን ሳይፈርሙ ዕቃው ከባንኮኒው አያልፍም ነበር።

ይሁን እንጂ የሰውን መልካም ሥራ ብቻ መጻፍ ማስተማር አይደለም። ጋሼ አንድ ጊዜ ተሳስተዋል፤ ስሕተታቸውንም ራሳቸው ሳይሸሽጉ ያወሩት ስለ ነበር፥ እዚህ ብጽፈው የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። በ2002 ዓ.ም. አንድ የቆየ ወዳጃቸው ብድር ሲወስድ፥ ባለቤታቸውን ሳያማክሩ ዋስ ሆነው ፈረሙ። ወዳጃቸው ከሰረ። የአበዳሪው ደብዳቤ ከቤት ስለ ደረሰ ባለቤታቸው ነገሩን ያወቁት ከወረቀቱ ነው። ለትልቋ ልጃቸው ትምህርት የተቀመጠው ገንዘብ ለዋስትናው ተከፈለ፤ ልጅቱም ኮሌጅ የገባችው ሁለት ዓመት ዘግይታ ነው። ባለቤታቸው በዚያን ጊዜ የተናገሩት «የቆጨኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ሳልጠየቅ መቅረቴ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ጋሼ ይህን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱትም።

በዚህ ረገድ ሕጉን ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ ይጠቅማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ፥ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፥ ለማበደር ወይም ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ፈቃዱ ያልተጠየቀው ተጋቢ ነገሩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፥ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ሳያልፍ፥ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም፥ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። የጋሼ ባለቤት የባላቸው ፊርማ እንዲዋረድ ስላልወደዱ ወደ ፍርድ ቤት አልሄዱም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ግን ጋሼ ባለቤታቸውን አጠገባቸው ሳያስቀምጡ አንድም ውል አልፈረሙም።

ጋሼ ካረፉና የአርባቸው ተዝካር ከወጣ በኋላ ቤተ ሰቡ በአንድነት ተቀመጠ፤ መዝገቡንም እኔ አቀረብሁ። ሱቁ ያለበት ዕዳ፥ ከሰው የሚፈለገው ገንዘብ፥ የዕቃው ብዛት፥ በዕቁብ የተጣለው ሁሉ በየገጹ ተጽፎ ተገኘ። በእርሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ ኑዛዜም ነበራቸው። አስቀድሞ የጋራው ሀብት ለሁለት እኩል ተከፍሎ የባለቤታቸው ድርሻ ተለየ፤ የጋሼ ድርሻም ለልጆቻቸው ሆነ። ልጆቹ ሱቁን ላለመከፋፈል ተስማምተው አስተዳደሩን ለትልቋ እኅታቸው ሰጡ፤ ይህችውም ትምህርቷ የዘገየባት ልጅ ናት። ዱቤ የወሰዱት ደንበኞች የየራሳቸውን ቅጂ ይዘው እየመጡ ከፈሉ። እስከ ዛሬ ያልከፈሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የእነርሱም ፊርማ በእጃችን አለ። ሱቁ ተዘግቶ የቆየው ለሐዘን እንጂ ለክርክር አልነበረም።

ስለዚህ ቤተ ሰቡን የሚወድ ነጋዴ ሁሉ የሚከተሉትን ቢፈጽም ይጠቀማል፤

1ኛ/ ለራሱ የወር ደመወዝ ወስኖ፥ ከዚያ በላይ ከሱቁ ሣጥን አያንሣ።

2ኛ/ ትርፉን የሚያሰላው ዕቃውን መልሶ በሚተካበት ዋጋ ይሁን።

3ኛ/ ዱቤን ለዘመድም ቢሆን በጽሑፍና በፊርማ ያድርግ።

4ኛ/ ለማንም ዋስ ከመሆኑ በፊት የትዳር ጓደኛውን ያማክር፤ የዋስትናውንም ልክ በቁጥር ያስጽፍ።

5ኛ/ መዝገቡ የት እንዳለና እንዴት እንደሚነበብ ከቤተ ሰቡ ቢያንስ አንድ ሰው ያስተምር፤ ኑዛዜውንም በጤናው ሳለ ያድርግ።

እነዚህን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተርና በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይበቃል። እግዚአብሔር የጋሼን ነፍስ ይማር፤ የአንባብያንንም ንግድና ቤት ይባርክ።