ሌዋውያኑ ለምን ወደ እርሻቸው ሄዱ?

በልማት ሥራ የተሰማራን ሠራተኞች ደጋግመን የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ሕዝብን ለማገልገል የተጠራ ሰው ስለ ደመወዝ አያጉረመርምም» የሚል ነው። እስቲ እንመርምረው።

ነህምያ ምዕራፍ 13 ቁጥር 10ን ተመልከቱ። ነህምያ ከንጉሡ ዘንድ ቆይቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ፣ ሌዋውያኑና መዘምራኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው አገልግሎቱን ትተው እያንዳንዳቸው ወደ እርሻቸው ሄደው ነበር። ታዲያ ነህምያ የተቆጣው ማንን ነው? ሹማምንቱን ነው። ሌዋውያኑንማ ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆማቸው፤ ሕዝቡም አሥራቱን አመጣ፤ በዕቃ ቤቱም ላይ የታመኑ ሰዎች ተሾሙ። ይህ ሰው በምዕራፍ 5 እንደምናነበው ለአለቃ የሚገባውን ቀለብ ያልወሰደ ነው። የራሱን ድርሻ ቢተውም የሌላውን ድርሻ አላስቀረም።

ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ በ1959 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። በጥናቱ መሠረት ሰውን በሥራው ደስ የሚያሰኘውና የሚያስከፋው አንድ ነገር አይደለም። የሥራን ውጤት ማየት፣ መመስገን፣ ሥራው ራሱ ደስ ያሰኛል፤ የደመወዝ ማነስ፣ የአለቃ አያያዝ፣ የሥራ ቦታ ጉድለት ያስከፋል። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሞላም። በአጠናን ዘዴው የተከራከሩት ምሁራን ብዙ ናቸው፤ እኛ ግን በየገጠሩ ያየነው ይህንኑ ይመስላል።

በ2003 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ፕሮግራም በአገራችን የተሰማሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንውሰድ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በፕሮግራሙ መጀመሪያ ከሚያገለግሉት ሕዝብ መካከል ተመርጠው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለ5,000 ያህል ሰው በአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። እንግዲህ አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ መጥታ መድኃኒቱ የለም ብትባል፣ የምታፍረው ሠራተኛዋ ናት። የሰፈር ልጅ ናትና ያችን እናት ነገ በገበያ፣ ከነገ ወዲያ በለቅሶ ቤት ታገኛታለች። ለሥራው ግድ የሌላት ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጎዳት ነበር። ስለ መትጋት ብንሰብክላትም ባዶው መደርደሪያ አይሞላም።

በየጉባኤያችሁ ስትወያዩ በእነዚህ ጥያቄዎች ጀምሩ። በፕሮጀክታችሁ ያሉት ሠራተኞች ያለፈው ወር ደመወዝ በቀኑ ተከፍሏቸዋልን? የድካማቸውን ፍሬስ ሄዶ የነገራቸው ማን ነው?